ዶሮ ዓውደ ዓመት ብቻ ለምን ትጠብቃለች?

በአገራችን ዶሮ ሲባል ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው በዓል ነው። ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና፣ ለፋሲካ ሽንኩርቱ በኪሎ ተከትፎ፣ ዶሮዋ በ12 ብልት ወጥታ፣ ቁሌቱ ለሰዓታት ሲንተከተክ ውሎ የሚቀርበው ዶሮ ወጥ የባልትናችን ኩራት ነው። ይህ ጽሑፍ ከዶሮ ወጥ ጋር ጠብ የለውም። ጥያቄው ሌላ ነው፤ በዓሉ አልፎ የአዘቦት ቀን ሲመጣ፣ ሰኞ ወይም ማክሰኞ ማታ ከሥራና ከትምህርት ቤት ደክሞ የሚገባው ቤተሰብ ምን ይበላል?

መልሱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽሮ፣ የጾም ባይሆንም ፓስታ በስጎ፣ ሲመሽ ደግሞ ዳቦ በሻይ። ሽሮ መልካም ምግብ ነው፤ ፕሮቲንም አለው። ችግሩ ሽሮ መብላታችን ሳይሆን ሳምንቱን በሙሉ ሌላ ነገር አለመጨመራችን ነው። በተለይ ለሕፃናትና ለሴቶች ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። በ2008 ዓ.ም (እ.ኤ.አ 2016) የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆኑ ሕፃናት መካከል 57 በመቶ የሚሆኑት የደም ማነስ ነበረባቸው። ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ደግሞ 24 በመቶ። ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት ውስጥ በዓይነትም ሆነ በቁጥር ዝቅተኛውን የአመጋገብ መስፈርት ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ ነበሩ።

የደም ማነስ መንስዔው ብዙ ነው፤ ወባም፣ የአንጀት ጥገኛ ትላትልም ያመጡታል። ዶሮ ብቻዋን መድኃኒት ናት ማለቴ አይደለም። ሆኖም ሥጋ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ከእህልና ከጥራጥሬ ከሚገኘው ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ትንሽ ሥጋ ከጥራጥሬና ከአትክልት ጋር ሲበላ ደግሞ የሌላውንም ምግብ ብረት ሰውነታችን በተሻለ እንዲጠቀምበት ያግዛል። ስለዚህ የዘወትር ምክሬ ይህ ነው፤ ዶሮን ለበዓል ብቻ አናስቀምጣት። አቅም የሚፈቅድለት ቤት በሳምንት ወይም በአሥራ አምስት ቀን አንድ ጊዜ፣ በአንድ ትሪ ከአትክልት ጋር ጋግሮ ለአዘቦት እራት ያቅርባት።

ይህ ዓይነቱ አሠራር በባሕር ማዶ «ካሰሮል» ይባላል። ሥጋው፣ አትክልቱና ቅመሙ በአንድ ዕቃ ውስጥ ተደርድረው አብረው ይጋገራሉ፤ ማማሰል የለም፣ አጠገቡ መቆም የለም። በአሜሪካ ቤቶች የተለመደው አሠራር በቆርቆሮ የታሸገ የእንጉዳይ ወይም የዶሮ ሾርባ ከላይ ማፍሰስ ነው። ይህኛውን ግን አልመክርም፤ የታሸገ ሾርባ በአብዛኛው ጨው ይበዛበታል። እኛ ቤት ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥብስ ቅጠል እያለ የታሸገ ሾርባ አያስፈልገንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለስድስት ሰው አንድ መካከለኛ ዶሮ ቆዳዋ ተገፎ ትቆራረጣለች። ዶሮን ቆዳዋን ገፎ መሥራት የቆየ ልማዳችን ነው፤ አብዛኛው የዶሮ ስብ ያለው ከቆዳው ሥር ስለሆነ ለልብም ጥሩ ልማድ ነው። አራት ድንች፣ ሦስት ካሮት፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርትና ሦስት ቲማቲም በትልልቁ ይከተፋሉ። ፎሶሊያ ወይም ዝኩኒ ካለም ይጨመራል። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርትና ትንሽ ዝንጅብል ይወቀጣል። በዚህ ላይ የአንድ ሎሚ ጭማቂ፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የምግብ ዘይት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ወይም እርድ፣ ቁንዶ በርበሬ፣ የጥብስ ቅጠልና አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ይደባለቃል። ውሁዱ ዶሮውንና አትክልቱን ከተለወሰ በኋላ ድንችና ካሮቱ ከታች፣ ዶሮው ከላይ ሆኖ በትሪው ላይ ይደረደራል። ግማሽ ብርጭቆ ውኃ ይጨመርበታል።

ኦቨኑ ቀድሞ 200 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይሞቃል። ትሪው በክዳን ወይም በፎይል ተሸፍኖ ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ ከዚያ ተከፍቶ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጨመርለታል። እጅ የሚነካው ሥራ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቀሪው ጊዜ የእሳቱ ነው፤ እናትም አባትም የልጆቹን የቤት ሥራ እያዩ ሊያሳልፉት ይችላሉ። የወንዱን ስም ያነሳሁት በምክንያት ነው። ዶሮ ወጥ ሙያ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ድንች መላጥ የሚችል ሁሉ የሚሠራው ምግብ ነው። የእራት ሸክም በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅበት ምክንያት የለም።

የሐበሻ ዶሮ ከሆነች ሥጋዋ ጠንካራ ስለሆነ በቅድሚያ ተሸፍና በትንሽ ውኃ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ብትቀቀል ይሻላል። መቀቀያውን ውኃ አይድፉት፤ በትሪው ላይ ይጨምሩት። ኦቨን የሌለው ቤትም አይጨነቅ። ወፍራም መቀመጫ ያለው ድስት፣ ደህና የሚገጥም ክዳንና ዝግ ያለ እሳት እስካለ ድረስ በ50 ደቂቃ ገደማ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። እንደ ድፎ ዳቦ ከላይም ፍም ማድረግ ይቻላል። ነገር ግን ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አይጠቀሙ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው፣ ሰው የሚገድል ጋዝ ነው።

እስካሁን ያልኩት ብዙ የሚያከራክር አይመስለኝም። የሚያከራክረው ቀጥሎ የምለው ነው፤ እሱም የዶሮ እጥበት።

በእኛ ባህል ዶሮ የምትታጠበው ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ነው። በሎሚ፣ በጨው፣ አንዳንዴም በዱቄት ታሽታ፣ ደጋግማ ታጥባ ሽታዋ ይጠፋል። ዶሮ በደንብ የማያጥብ ሰው ባልትና እንደሌለው ይቆጠራል። ይህ ልማድ ከባዶ የመጣ አይደለም። ቤት ውስጥ የታረደች ዶሮ ላባ፣ ደምና የአንጀት ቆሻሻ አላትና መታጠብ ነበረባት። የሚታጠበውም በደጅ፣ በሰፌ ወይም በሳፋ ውስጥ ነበር፤ እጣቢው ራቅ ብሎ ይደፋል፣ ሳፋው ይታጠባል። ዛሬ ልማዱ እንዳለ ሆኖ ወጥ ቤቱ ተቀይሯል። በኮንዶሚኒየም ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ዶሮዋ በሚወርድ ቧንቧ ሥር ትታጠባለች፤ ከጎኗ የታጠበ ሳህን፣ የልጅ ጡጦና ለሰላጣ የተዘጋጀ ቲማቲም አለ። ውኃው ሲመታት ነጠብጣቡ ወደ እነዚህ ሁሉ ይረጫል።

በጥሬ ዶሮ ላይ ካምፒሎባክተርና ሳልሞኔላ የሚባሉ ባክቴሪያዎች ሊኖሩ ይችላሉ። በዶሮዋ አንጀት ውስጥ እሷን ሳያሳምሙ ይኖራሉ፤ በእርድና ብልት በማውጣት ጊዜ ወደ ሥጋው ይተላለፋሉ። ሎሚና ጨው ሽታውን ይቀንሱ ይሆናል እንጂ እነዚህን ተሕዋስያን አስተማማኝ በሆነ መንገድ አይገድሉም። የሚገድላቸው እሳት ነው። የሥጋው ውስጠኛ ክፍል 74 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲደርስ ይሞታሉ። ስለዚህ እጥበት ሊሠራው የማይችለውን ሥራ ምድጃው ይሠራዋል። የታጠበው ግን ወጥ ቤቱን ሊበክል ይችላል።

የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ በ2019 ይፋ ያደረገው ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። ተሳታፊዎቹ ዶሮና ሰላጣ እንዲያዘጋጁ ተደረገ፤ በዶሮው ላይ አስቀድሞ ጉዳት የማያደርስ፣ ክትትል ለማድረግ የሚያገለግል ባክቴሪያ ተደርጎ ነበር። ዶሮውን ካጠቡት ሰዎች መካከል በ60 በመቶዎቹ የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያው ተገኘ። 26 በመቶዎቹ ወደ ሰላጣው አሻገሩት። የሚገርመው ግን ሌላው ቁጥር ነው፤ ዶሮውን ካላጠቡት ውስጥም 31 በመቶዎቹ ሰላጣውን በክለዋል። እንዴት ቢሉ፣ እጃቸውን በአግባቡ ባለመታጠባቸው፣ ገንዳውንና ዕቃውን ባለማጽዳታቸው። ትምህርቱ «አትጠቡ» ከሚለው ሰፋ ይላል። ጥሬ ዶሮ የነካ ነገር ሁሉ፣ እጅም ይሁን ቢላዋ፣ ሳይታጠብ ሌላ ምግብ መንካት የለበትም።

ከዚህ በመነሳት ለቤታችን የሚስማማውን ልጠቁም። ተጠናቅቃ፣ ጸድታ፣ በማሸጊያ የተገዛች ዶሮ መታጠብ አያስፈልጋትም። የቀረ ላባ ወይም ደም ካለ በንጹሕ የወጥ ቤት ወረቀት መጥረግ ይበቃል፤ ወረቀቱ ወዲያው ይጣላል። ቤት ውስጥ የታረደችውን ግን ሳትታጠብ ሥሯት ብል ማንም አይሰማኝም፤ አስፈላጊም አይደለም። እሷን በቧንቧ ሥር ሳይሆን በሳፋ በተጠራቀመ ውኃ፣ ሳይረጭ በእርጋታ ማጠብ ነው። ከአካባቢው ሳህንና ምግብ አስቀድሞ ይነሣ። ከዚያ ሳፋው፣ ገንዳውና እጅ በሳሙና ይታጠቡ፤ ገንዳውና መክተፊያው በተበጠበጠ በረኪና ቢጠረጉ ደግሞ የተሻለ ነው። በረኪና ከሎሚም ሆነ ከአቼቶ ጋር ፈጽሞ አይቀላቀል፤ መርዛማ ጋዝ ያመነጫል።

ከሁሉ በላይ ግን የሥራውን ቅደም ተከተል መቀየር ብዙ ችግር ያቃልላል። አስቀድሞ ሰላጣው ታጥቦ፣ ተከትፎ፣ ተሸፍኖ ይነሣ። ቀጥሎ ድንቹ፣ ካሮቱና ሽንኩርቱ ይከተፍ፤ ቅመሙም በትንሽ ሳህን ይለካ። ዶሮዋ የመጨረሻዋ ትሁን። እንዲህ ከሆነ ዶሮ በነካ እጅ የጨው ዕቃ የሚከፍት፣ ዶሮ በቆረጠ ቢላዋ ቲማቲም የሚከትፍ ሰው አይኖርም። ወጪ የለውም፤ አዲስ ዕቃም አያስገዛም።

መብሰሏን ማረጋገጥም የራሱ ዘዴ አለው። ጥሩው መንገድ የምግብ ቴርሞሜትር በወፍራሙ የታፋ ክፍል አጥንት ሳይነካ አስገብቶ 74 ዲግሪ መድረሱን ማየት ነው። ቴርሞሜትር የሌለው ወፍራሙን ክፍል እስከ አጥንቱ ሰንጥቆ ይይ፤ ሥጋው ከአጥንቱ በቀላሉ ካልተላቀቀ፣ ጭማቂው ቀይ ከሆነ ወይም መሐሉ እንፋሎት ካላወጣ ወደ እሳቱ ይመለስ። ሲጠራጠሩ አሥር ደቂቃ መጨመር ምንም አይጎዳም። በረዶ የሆነች ዶሮ ደግሞ ከመጋገሯ በፊት ሙሉ በሙሉ መሟሟት አለባት፤ ይህም ከማታው በማቀዝቀዣ ውስጥ እንጂ ጠረጴዛ ላይ አሳድሮ አይደለም።

የተረፈው ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ውጭ ሳይቆይ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይግባ፤ በሦስት ወይም በአራት ቀን ውስጥም ይበላ። ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ ይንተክተክ። መብራት ቢጠፋ የማቀዝቀዣው በር ሳይከፈት እስከ አራት ሰዓት ድረስ ምግቡን ይጠብቃል። ከዚያ በላይ ከቆየ «ሽታው ደህና ነው» ብሎ መብላት አያዋጣም፤ በሽታ አምጪ ባክቴሪያ ሁልጊዜ ሽታ አይሰጥም።

ስለ ጨውም ልናገር። የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲጠቀም ይመክራል። ይህም ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በታች ማለት ነው። ከላይ በጠቀስኩት አሠራር አንድ ማንኪያ ጨው ለስድስት ሰው ሲከፋፈል ለእያንዳንዱ 1 ግራም ገደማ ይደርሰዋል። ነገር ግን በቤታችን የሚዘጋጀው በርበሬ ብዙ ጊዜ ጨው ተጨምሮበት የሚፈጭ መሆኑን አንርሳ፤ በርበሬ ከገባ ጨውን መቀነስ ነው። የሾርባ ኩብ የሚጨምሩም አሉ፤ እሱ ራሱ በአብዛኛው ጨው ነው። የደም ግፊት ያለበት ሰው ይህን ከመድኃኒቱ እኩል ትኩረት ይስጠው። የስኳር ሕመም ያለበት ደግሞ በትሪው ላይ ያለውን ድንች እንደ እንጀራ ይቁጠረው፤ ድንች ካነሣ እንጀራውን ይቀንስ። የኩላሊት ሕመም ያለባቸው የፕሮቲን መጠናቸውን ከሐኪማቸው ጋር ይመካከሩ።

ሌላው ሊነሣ የሚገባው ጉዳይ አከፋፈሉ ነው። በልማዳችን ብልቱ እንደ ማዕረግ ይታደላል፤ ፈረሰኛው ለአባወራ፣ ጥሩ ጥሩው ለእንግዳ፣ ክንፍና አንገት ለልጅ። እናት ብዙ ጊዜ የሚደርሳት መረቁ ነው። ለበዓል ማዕድ ይህ ወግ ይቆይ። በአዘቦት እራት ግን ሥጋው ከአጥንቱ ተለይቶ ቢከፋፈል እመርጣለሁ። በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከሥጋው ድርሻ ያስፈልጋቸዋል። ከ6 ወር በላይ ለሆነ ሕፃን በጣም ደቆ ከድንቹና ከካሮቱ ጋር ተፈጭቶ ይሰጠው፤ ጨውና በርበሬ ሳይገባ በፊት የእሱን ድርሻ ለይቶ ማብሰል ነው። ለትንንሽ ልጆች አጥንት አይሰጥ፤ ይታነቃሉ።

«የዶሮን ዋጋ እያወቅህ ነው ይህን የምትለን?» የሚሉ አንባቢያን እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ትክክል ናቸው፤ ዶሮ ለብዙ ቤት ውድ ናት። ይሁንና በአንድ ትሪ መጋገር ያለው ጥቅም ሥጋውን ማብዛቱ ነው። ግማሽ ዶሮ ከተቀቀለ ሽምብራ፣ ከድንችና ከካሮት ጋር ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል። ያም ካልተቻለ በዚያው ትሪ ላይ በመጨረሻዎቹ አሥር ደቂቃዎች ለየሰው አንድ አንድ እንቁላል ሰብሮ አስኪጠና መጋገር ይቻላል። ረቡዕና ዓርብን ጨምሮ በጾም ቀናት ደግሞ ዶሮው ቀርቶ ሽምብራና አትክልቱ በዚያው ቅመም ቢጋገር ምሉዕ እራት ነው። በቤቱ መለመድ ያለበት አሠራሩ ነው፤ በትሪው ላይ የሚወጣው እንደ ኪስና እንደ ቀኑ ይለያያል።

በመጨረሻም ጥንቃቄው ሁሉ ሳይሳካ ቀርቶ ሕመም ቢከሰት ምን ይደረጋል? ብዙ ታካሚዎች ተቅማጥ ሲጀምራቸው የሚጠረጥሩት የመጨረሻ የበሉትን ነው። ካምፒሎባክተር ግን ምልክቱ የሚታየው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ቀን ቆይቶ ስለሆነ ጥፋተኛው ከቀናት በፊት የበሉት ሊሆን ይችላል። አብዛኛው በፈሳሽና በዕረፍት ይድናል። ኦ.አር.ኤስ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ደጋግሞ መጠጣት ቀዳሚው ሕክምና ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ገዝቶ መዋጥ ግን አይገባም፤ ለሁሉም ተቅማጥ አይሠራም፣ ተሕዋስያኑንም መድኃኒት እንዲለምዱ ያደርጋል። ሰገራ ላይ ደም ከታየ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለ፣ ሕፃኑ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም መጥባት ካቃተው ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ። ነፍሰ ጡሮች፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የተዳከመ ሰዎችም መጠበቅ የለባቸውም።

ውድ አንባቢያን፣ ጤናማ ምግብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ውድና ከሩቅ የመጣ ነገር ነው። እዚህ የዘረዘርኩት ግን ከሰፈር ገበያና ከጉልት የማይጠፋ ነው። የሚቀረው ሰላጣውን አስቀድሞ፣ ዶሮዋን በስተመጨረሻ መሥራት፣ እሳቱን መታገሥና ሥጋውን ለቤተሰቡ ሁሉ ማዳረስ ነው። በሚቀጥለው ማክሰኞ ማታ ይሞክሩት።